ፍቅረኛሞቹን ያኮራረፈችው 3 ሚሊሜትር

መቼም ሰው ሲሞቀው ኮቱን ያወልቃል፤ መስኮት ይከፍታል፤ ባይሆንለት ጥላ ፈልጎ አረፍ ይላል። ኮምፒውተር ግን ምስኪን ነው። ሲሞቀው አይናገርም። መጀመሪያ ሥራውን ማንቀርፈፍ ይጀምራል፤ ሲብስበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ባለቤቱ ታዲያ "ቫይረስ ገብቶበት ነው"፣ "የመብራት መቆራረጥ ነክቶት ነው"፣ ሲከፋም "ዓይን በልቶት ነው" እያለ ከአንዱ ጥገና ቤት ወደ ሌላው ይዞት ይዞራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቫይረስም የዓይንም አይደለም። የሙቀት ነው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ሙቀት፣ በተለይም በትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ላይ የተሻለ ማቀዝቀዣ ስለ መግጠም ነው። ማቀዝቀዣ ስል ፍሪጅ ማለቴ እንዳይመስላችሁ! ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠውን፣ ክንፍ ክንፍ ያለውን ብረትና በላዩ የሚሽከረከረውን ፋን ማለቴ ነው። ሻጮቹም ገዢዎቹም "ኩለር" ነው የሚሉት፤ እኔም እንደነሱ ኩለር ልበለው። "ይሄ ደግሞ ምን ወሬ አለው?" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። የሰው እንጀራና የሁለት ሰዎች ፍቅር በአንዲት ኩለር ምክንያት ሲንገዳገድ አይቻለሁ።

ሌሊት የሚፈጨው ወፍጮ

ስሟም ሰፈሯም ይቆየን። ዕድሜዋ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሥራዋ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ቀራጮቹ ያነሱትን አምጥተው ይሰጧታል፤ እሷ ቆርጣ፣ ቀጥላ፣ ዘፈን አልብሳ፣ ሙሽሮቹን ከነበሩበት አሳምራ ታስረክባለች። የምትኖረው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ሲሆን አልጋዋ፣ ምድጃዋና ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። ትልቅ ኮምፒውተር ትታ ከጫማ ካርቶን እምብዛም የማትበልጥ ዴስክቶፕ ያስገጣጠመችውም ለዚህ ነው። ቦታ የለማ!

ማሽኗ በጉልበት የሚታማ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ5-12400፣ ራሙም 32 ጊጋ ነው። ገጣጣሚው ግን ኬዙ ጠባብ መሆኑን አይቶ ቀጭን፣ ስም የለሽ፣ ርካሽ ኩለር አስቀመጠበት። ጥር መጣ። ጥር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሰርግ ወር ነው። ሥራው ተደራረበ። አንድ ሰዓት ይወስድ የነበረው የቪዲዮ ማውጣት ሥራ ሦስት ሰዓት መፍጀት ጀመረ። ፋኑም ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። በችፑድ ግድግዳ የሚለዩዋት አከራይዋ አንድ ቀን ጠዋት በሯ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ምንድን ነው የምትፈጪው?" አሏት። ወፍጮ ያስገባች መስሏቸው ነው።

እጮኛዋ ይህን ሰምቶ "ለኔ ተይው" አለ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለው። ደወለለት። "ለኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሆን ዝቅ ያለ ኩለር ላክልኝ፣ ወንድምዬ" አለው። ወንድምየውም እግዜር ይስጠው፣ በቅናሽ የተገኘ ጥሩ ኩለር ገዝቶ ከጫማና ከቫይታሚን ጋር በሰው ላከ። ካርቶኑ ላይም "ለኢንቴል" የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ምን ይጎድላል?

የጎደለው 3 ሚሊሜትር ነበር።

እጮኛው ማታ መጥቶ ማሽኑን ፈታ። አንዱ ብሎን ገባ። ሁለተኛው በግድ ገባ። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ቀዳዳቸውን አሻግረው እያዩ ቀሩ። "ከኩለሩ ጋር የመጣውን ወረቀት አንብበው እንጂ" ብትለው፣ "እኔ ነኝ ወረቀት የማነበው?" አላት። ጓደኛው በስልክ "የመያዣውን ቀዳዳ በሞረድ አስፋው" ሲል መከረው። ሞረደው። አስፋፍቶ፣ አጣሞ፣ እንደምንም አስገባው። ማሽኑ በርቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 100 ዲግሪ ደረሰና ተንገዳገደ። "አልጠበቀም ማለት ነው" ብሎ ጨምሮ አጠበቀው። በዚህን ጊዜ 32 ጊጋ የነበረው ራም 16 ሆኖ ቁጭ አለ።

"ሥራዬን ገደልክብኝ!" አለች። "ላንቺው ብዬ በለፋሁ!" አለ። የሦስት ሰርግ ቪዲዮ እዚያ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ሁለቱ ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ። እኔ ጋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማዘርቦርዱን ከነኩለሩ በፌስታል አንጠልጥላ፣ ዓይኗ ቀልቶ።

ነገሩ ከየት መጣ?

እኔ የሰው ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት አልፈውኛል። በዚህ ሥራ የታዘብኩት ነገር ቢኖር ኩለር የሚበላሸው ካቻቪቴ በተነሳበት ሰዓት ሳይሆን ብር በተቆጠረበት ሰዓት መሆኑን ነው። ሳይለካ የተገዛ ጫማ በጉልበት እግር አይገባም። ቢገባም ያቆስላል።

የልጅቷ ዓይነት ትንሽ ማዘርቦርድ "ሚኒ አይቲኤክስ" ይባላል። ይህን መጠን ለዓለም ያስተዋወቀው ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ስፋቱ 17 በ17 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የተለመደው ትልቁ ቦርድ ግን 30.5 በ24.4 ሴንቲሜትር ይሆናል። በ17 በ17 ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ የካርድ ማስገቢያው፣ የኃይል ሽቦዎቹ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ተቀምጠዋል፤ ልክ እንደ ጠዋት ታክሲ! በትልቁ ቦርድ ላይ ማንም የማይቆጥረው አንድ ጣት ቦታ እዚህ ላይ አገር ነው።

አሁን ወደ 3 ሚሊሜትሯ እንምጣ። ኢንቴል ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ሶኬት በየጊዜው ይለውጣል። ኤልጂኤ 1200 የሚባለውና ከእሱ በፊት የነበሩት የ1150፣ የ1151 እና የ1155 ሶኬቶች በዙሪያቸው ያሉት አራት የብሎን ቀዳዳዎች በ75 ሚሊሜትር ርቀት የተበሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የወጣው ኤልጂኤ 1700 ግን 78 ሚሊሜትር አደረገው። ያቺ 3 ሚሊሜትር ከዚህ መጣች። የልጅቷ ፕሮሰሰር የ1700 ነው፤ ከአሜሪካ የመጣው ኩለር ደግሞ ለአሮጌዎቹ የተሠራ ነበር። ሁለቱም "ኢንቴል" ናቸው፤ ግን አይጋቡም።

በዚህ ብቻ አላበቃም። በአዲሱ ሶኬት ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ከፍታም ከበፊቱ 1 ሚሊሜትር ለማይሞላ ያህል ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ቀዳዳውን በሞረድ ብታሰፉት እንኳ ኩለሩ ፕሮሰሰሩን በሚገባው ኃይል አይጫነውም። ሙቀት ከብረት ወደ ብረት የሚሻገረው ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው ሲቀመጡ ብቻ ነው። 100 ዲግሪ የደረሰው ለዚህ ነበር።

ራሙስ ምን ነካው? የ1700 ሶኬት ስሙን ያገኘው ከሥሩ ካሉት 1,700 ጥቃቅን የመገናኛ ነጥቦች ነው። ፕሮሰሰሩ እያንዳንዷን ተጭኖ መንካት አለበት። ከራም ጋር የሚነጋገረውም በእነዚሁ ነጥቦች በኩል ነው። እጮኛው አንዱን ማዕዘን ሲያስጨንቀው ሌላው ማዕዘን ተነሳ፤ የተነሱት ነጥቦች የአንዱ ራም ነበሩና ግማሹ ጠፋ። እኔ ያደረግሁት ተአምር የለም። አራቱን ብሎን አላላሁ፤ ኩለሩን አነሳሁ፤ ፕሮሰሰሩን አውጥቼ ነጥቦቹ አለመታጠፋቸውን በመብራት አየሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። 32 ጊጋው ተመለሰ። ልጅቷም ተነፈሰች። እናንተም ራም በድንገት ከጎደለባችሁ አዲስ ራም ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት የኩለሩን አጠባበቅ እዩ።

ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር ለኩ

አንደኛ፣ የሶኬቱን ስም እወቁ። "ኢንቴል ነው"፣ "ኤኤምዲ ነው" ማለት አይበቃም። ውጭ ላለ ዘመድ ስትልኩም "ለኢንቴል" አትበሉ፤ "ለኤልጂኤ 1700" በሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤልጂኤ 1851 በቀዳዳ ርቀት ከ1700 ጋር አንድ ነው። በኤኤምዲ በኩል ኤኤም4 እና ኤኤም5 አሉ። እነዚህ ሁለቱ በብሎን አቀማመጥ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን በኤኤም5 ከቦርዱ ጀርባ ያለው የብረት ሳህን አይነቀልም። ስለዚህ የራሱን የጀርባ ሳህን ይዞ የሚመጣ ኩለር ለኤኤም5 አይሆንም፤ በነበረው ሳህን ላይ የሚታሠር መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ቁመቱን ለኩ። ኬዙን ክፈቱና ከፕሮሰሰሩ ላይ እስከ ክዳኑ ድረስ ያለውን በማስመሪያ ለኩት። 45 ሚሊሜትር ካላችሁ 47ቱ አይገባም፤ "ትንሽ ብጫነውስ?" የሚባል ነገር የለም። ለምሳሌ የኦስትሪያው ኖክቱዋ የሚሠራው ኤንኤች-ኤል9አይ የተባለው ዝቅተኛ ኩለር ከነፋኑ 37 ሚሊሜትር ነው። እሱም ቢሆን ለኤልጂኤ 1700 የሚሆነው "17" የሚል ቁጥር በስሙ ጫፍ የተጨመረበት ለብቻው የተሠራ ነው። ኩለሩ ክዳኑን ሊነካ ከደረሰም ደግ አይደለም፤ ፋኑ የሚስበው አየር ያጣል።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቶቹን እዩ። ኤንኤች-ኤል9አይ 9.5 በ9.5 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ራሙንም ካርዱንም አይነካም። ሰፋ ያሉት ግን በራሙ ላይ ያጠላሉ። ራማችሁ ባለጌጥ፣ ባለመብራት፣ ባለረጅም ቆብ ከሆነ ኩለሩ ይጋጨዋል። እንደዚህ ላለው ቤት ጌጥ የሌለው አጭር ራም ነው የሚሻለው። ቁንጅና በኋላ ይደርሳል።

አራተኛ፣ ጀርባውን ገልብጡ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በትንንሽ ቦርዶች ላይ ፊት ለፊት ቦታ ሲጠፋ አንዳንዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ይሄዳል፤ ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ማከማቻ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሰካው ከጀርባ ነው። ሰፊ የጀርባ ሳህን ያለው ኩለር ከሱ ጋር ወይም ከጥቃቅን ብየዳዎች ጋር ሊጋጭ ይችላል። ብረት ብየዳን ነካ ማለት ደግሞ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለክታችሁ በወረቀት ጻፉና ለሻጩ ስጡት። ሻጩ "ግድ የለም፣ ይገባል" ካላችሁ "ካልገባ ትመልስልኛለህ?" በሉት። መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

አገጣጠሙ

አሁን ትክክለኛው ኩለር እጃችሁ ገብቷል እንበል። ጠዋት ይሁን፣ በቂ ብርሃን ይኑር። መብራት ሲጠፋ በሻማ ሞቅ ባለ ጨዋታ መሀል የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ቦርዱን ከኬዙ አውጡት። "እዚያው እንዳለ እገጥመዋለሁ" የሚል ሰው ጣቱን ያቆስላል፤ ብሎንም ይጥላል። የተጣለ ብሎን ደግሞ ሁልጊዜ የሚገባው እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡ። ብርድ ልብስና ምንጣፍ ላይ በጭራሽ አትሥሩ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሹራብ ስታወልቁ ጠስ ጠስ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ ያቺ ብልጭታ ዕቃ ትገድላለች። ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ነካ አድርጉ።

አሮጌውን ኩለር ከማንሳታችሁ በፊት፣ ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉት። በመሀል ያለው ቅባት ይለሰልሳል። ከዚያም ብሎኑን ፍቱና ኩለሩን ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ቀኝ አዙሩት። ይህ በተለይ ለኤኤም4 ባለቤቶች ነው። የኤኤም4 ፕሮሰሰሮች እግራቸው እንደ መርፌ ከራሳቸው ሥር የወጣ ስለሆነ ደረቅ ቅባት ይዟቸው ኩለሩን ቦጭ ስታደርጉ ፕሮሰሰሩም ተነቅሎ አብሮ ይመጣል። መርፌዎቹ ታጠፉ ማለት ደግሞ ለቅሶ ነው። ሌላም አለ፤ በኤኤም4 ላይ ከፊት ያሉትን አራት ብሎኖች ስትፈቱ የጀርባው ሳህን ይወድቃል። በአንድ እጃችሁ ከሥር ደግፉት።

የድሮውን ቅባት በአልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ፤ የመነጽር ጨርቅ ደህና ነው። ሶፍት ብናኝ ይተዋል። አልኮል ስል የፋርማሲውን ነው እንጂ አረቄውን አይደለም! ከጠረጋችሁ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ከዚያ የኃይል ሽቦውን ጉዳይ አስቡ። በትንሽ ቦርድ ላይ ኩለሩ ከተቀመጠ በኋላ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚሰጠውን ሽቦ ለመሰካት ጣት አይገባም። ሽቦው በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድማችሁ አይታችሁ፣ ካስፈለገ ኩለሩ ሳይታሠር ሰክታችሁ ሞክሩት። የፋኑ ሽቦም በየት አቅጣጫ ቢወጣ መሰኪያው ጋ እንደሚደርስ ቀድማችሁ ወስኑ።

ቅባቱ፣ ቴርማል ፔስት የሚሉት፣ ጥቅሙ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያሉትን ዓይን የማያያቸውን ጉድጓዶች መሙላት ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ቅቤ አትለቅልቁት። የምስር ፍሬ የምታክል በፕሮሰሰሩ መሀል ጠብ አድርጉ፤ አምራቹ በወረቀቱ ላይ ሌላ መጠን ካሳየ የሱን ተከተሉ። ሲጫን ራሱ ይሰራጫል።

አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ፤ የኩለሩን ሆድ አይታችኋል? ብዙ አዲስ ኩለር ሆዱ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። ይህን ፕላስቲክ ሳይልጡ ገጥመው "ኩለሩ ውሸት ነው" እያሉ ሻጩን የሚረግሙ ሰዎች ገጥመውኛል።

ኩለሩን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ካረፈ በኋላ እያነሳችሁ አትመልሱት። ከዚያ አራቱን ብሎኖች በጣት ብቻ ጀምሩ። አራቱም ክር መያዛቸውን ሳታረጋግጡ ካቻቪቴ አታንሱ። ካቻቪቴውን ስታነሱ አንዱን ብሎን ሁለት ዙር፣ ከዚያ በማዕዘን ተሻግራችሁ ከሱ ትይዩ ያለውን ሁለት ዙር፣ ከዚያ ቀሪዎቹን ሁለቱን እንዲሁ። የመኪና ጎማ ሲቀየር ጎሚስታው ብሎኖቹን እንዴት እያሻገረ እንደሚያጠብቅ አይታችሁ የለ? ያው ነው። የጥሩ ኩለር ብሎን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ሲቆም ቁሙ! ከዚያ በላይ ጉልበት ማሳየት የሚቻለው በቦርዱ ላይ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ይጎብጣል። በኩለሩ ካርቶን ውስጥ የፕላስቲክ ሮንዴላ ከመጣም "ትርፍ ነው" ብላችሁ አትጣሉት። ብሎኑን ከቦርዱ የሚለየው እሱ ነው።

በመጨረሻ የፋኑን ሽቦ "ሲፒዩ ፋን" የሚል ጽሑፍ ባለበት ባለአራት እግር መሰኪያ ላይ ሰኩ። ሌላ ቦታ ከሰካችሁት ብዙ ቦርዶች ሲነሱ "ፋን የለም" ብለው ይጮሃሉ። ኬዙን ሳትዘጉ አብሩና ወደ ባዮስ ግቡ፤ ሙቀቱን እዩ፤ ራሙ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ያለ ሥራ ተቀምጦ ሙቀቱ በየሴኮንዱ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ኩለሩ አልተቀመጠምና ወዲያው አጥፉት። ከተረጋጋ ክዳኑን ዝጉ።

የአዲስ አበባ አየር

እዚህ ላይ በኩለር ካርቶን ላይ ያልተጻፈ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለዚህም ነው ውኃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው። ምክንያቱ አየሩ ስስ መሆኑ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር ጋር ሲተያይ የኛ አየር ክብደቱ ከአምስት አንድ እስከ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚዞረው ያው ነው፤ የሚገፋው አየር ግን ቀለል ያለ ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የከተማችን አየር ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ጉድለቱን ያካክሰዋል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያላችሁ ደግሞ አየሩ ወፈር ቢልላችሁም ሙቀቱ አለባችሁ። ሁላችሁም ግን "ይህን ያህል ዋት ይችላል" የሚለውን የካርቶን ጽሑፍ ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ አንብቡት።

ዋት ካልን ዘንድ፣ ከሁሉም በፊት ያለ ገንዘብ የሚሞከር ነገር አለ። የዚያች ልጅ ፕሮሰሰር መነሻ ኃይሉ 65 ዋት ነው። ሥራ ሲጠነክር ግን እስከ 117 ዋት ይስባል። 37 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ኩለር 117ቱን ለረጅም ጊዜ አይችለውም። ብዙ ቦርዶች በባዮስ ውስጥ የኃይል ገደቡን ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። እኛም 65 ላይ አሠርነው። የድሮውን ርካሽ ኩለር በአዲስ ቅባት መልሰን ገጠምንበት። ማሽኑ እንደ ፈረስ አልጋለበም፤ ግን እንደ በቅሎ ሳይቆም ተጓዘ። ሦስቱ ሰርጎች በጊዜያቸው ወጡ። እየጋለቡ በየመንገዱ ከመውደቅ ዝግ ብሎ መድረስ አይሻልም?

ትክክለኛው ኩለር የመጣው በየካቲት ነው። በዚህኛው ጊዜ ለወንድምየው የተላከው መልእክት የሶኬቱ ስም፣ የኬዙ ቁመትና የራሙ ቁመት የተጻፈበት ወረቀት ፎቶ ነበር። የጻፈችው እሷ ናት። ሲገጠምም ሁለቱም ነበሩ። እሱ ወረቀቱን እያነበበ "አሁን በማዕዘን ተሻገሪ፣ ሁለት ዙር" ይላል፤ እሷ ካቻቪቴውን ይዛለች። መጨረሻው ላይ ብሎኑ ቀጥ ሲል "ቆመ" አለች። "በቃ ተይው" አላት። አከራይዋም ከዚያ ወዲያ ስለ ወፍጮው ጠይቀዋት አያውቁም።

ፈርታችሁ እንዳትተዉት

ይህን ሁሉ ስል "ኩለር መግጠም የሊቃውንት ሥራ ነው" ማለቴ አይደለም። ሱሪ ለማሳጠር ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ሜትሩን ሳያወጣ መቀሱን የሚያነሳ ሰው ዓይታችሁ ታውቃላችሁ? ይህም ከዚያ አይለይም። የሚያስፈልገው ማስመሪያ፣ ካቻቪቴ፣ ትንሽ አልኮልና ወረቀት ለማንበብ የማያፍር ሰው ነው። ያነበበ ሰው አላዋቂ አይደለም። አላዋቂው ሞረድ የሚያነሳው ነው።

እናንተ እህቶቼ ደግሞ፣ ማሽኑ የእናንተ እንጀራ ከሆነ "ለኔ ተይው" ላለ ሁሉ አትተዉለት። አብራችሁ ተቀመጡ፤ ሶኬታችሁ ምን እንደሚባል፣ ፕሮሰሰራችሁ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚሠራ እወቁ። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በከባድ ሥራ ላይ ከ85 በታች ከሆነላችሁ በሰላም ተኙ። እናንተ ወንድሞቼም ፍቅራችሁን በብሎን አጠባበቅ ለማሳየት አትሞክሩ። ብሎን ሲበዛበት ክሩ ይበላል፤ ሰውም እንዲሁ ነው።

ማስመሪያው ከካቻቪቴው ይቅደም። ቸር ያሰንብተን!